ውሻው የጮኸባት ሸክላ

ጎረቤቴ አቶ ሆይት ፔተስ ዕድሜያቸውን የፈጁት እንጨት መሰንጠቂያ ቤት ውስጥ ነው። በዚህ በምዕራብ ቴኔሲ የጥጥ አገር፣ ሰው የሚያውቃቸው በጎደለው ጣታቸውና እንግዳ በማያምን ዓይናቸው ነው። ዘፋኝ እንደነበሩ የምናውቅ ጥቂት ነን። እኔም የሰማሁት ከባለቤታቸው ከእትዬ ማቪስ ነው።

በጉብዝናቸው ጊዜ ከታናሽ ወንድማቸው ከዶይል ጋር ሮካቢሊ ከሚባለው፣ ሮክና የገጠር ዘፈን ከተቀላቀለበት ስልት አንዲት ዘፈን አስቀርጸው ነበር፤ ከአንድ ጎማ ቤት ጀርባ ባለች ክፍል ውስጥ። ሸክላዋ ታትማ ብዙም ሳይቆይ ዶይል በመኪና አደጋ ሞተ። ሆይት በሐዘናቸው ንስሐ ገቡ። ሰባኪው የዓለም ዘፈን ያለው ሁሉ አምጥቶ ያቃጥል ባለ ጊዜ፣ ያላቸውን ሁሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ በነደደው እሳት ላይ ዘረገፉት። የወንድማቸው ድምፅም አብሮ ነደደ።

ከዚያ ወዲህ፣ ሰው የሞተበት ቤት ዕቃ በሚሸጥበት ግቢ ሁሉ፣ የሸክላ ክምር ላይ ጎንበስ ብለው ሲያገላብጡ አያቸዋለሁ። ምን እንደሚፈልጉ ሲጠየቁ "ምንም" ይላሉ።

ባለፈው መከር ክሬግ የሚባል ሰው ከሰሜን መጣ። እኔና ሆይት ከውስጥ ሆነን የላሞቹን ግቢ በር እየጠገንን ነበር። የጠፉ የሮካቢሊና የካንትሪ ሸክላዎችን እያፈላለገ እንደገና እንደሚያሳትም ነገረንና፣ "አባቴ፣ ዘፈንዎን አግኝቻለሁ" አለ።

"የምን ዘፈን? እኔ እንጨት ሰንጣቂ ነኝ።"

"ስምዎ ሸክላው ላይ አለ እኮ።"

"ስሜማ አስቀድሜ ባሠራሁት የመቃብር ድንጋዬም ላይ ተቀርጿል፤ ከማቪስ ስም ጎን። ገና አልገባሁበትም እንጂ።"

እትዬ ማቪስ በረንዳው ላይ ሆነው ሰሙ። "አንተ ሰውዬ፣ አስገባው እንጂ! ባቄላው ደርሷል።"

"የአባቴን ቫዮሊን የወሰደውንም አብልተነዋል" አሉ ሆይት። እውነታቸውን ነው። ምላሱ ማር የሆነ አንድ ሰው ለሙዚየም ነው ብሎ ወስዶ፣ በዚያው ቀልጦ ቀርቷል።

ክሬግ በሩን እንዳልከፈቱለት ሲያይ፣ እዚያው ቆሞ ዘፈኑን ከስልኩ አሰማቸው። ጥርት ያለ ነው። ያለቅሳሉ ብዬ ፊቴን ላዞር ነበር። እሳቸው ግን አንገታቸውን ዘንበል አድርገው የሚያዳምጡት፣ በሬ ሊገዛ ጥርስ እንደሚያይ ሰው ነበር።

ሲያልቅ "ውሻውስ?" አሉ።

"የቱ ውሻ?" የክሬግ ጆሮ ቀላ።

"ዶይል ጊታሩን ለብቻው ሲመታ የጎማ ቤቱ ውሻ ይጮሃል። ቴፕ ውድ ስለነበር አልደገምነውም። ይሄ ውሻ የለውም። አስመስላችሁ የሠራችሁት ነው። በል፣ መንገድህን ያዝ!"

"ኧረ እኔው ነኝ ያጠፋሁት! ድምፁን ለኅትመት ሳጸዳው... ጉድለት መስሎኝ..."

"አጸዳሁት ትላለህ? ሌላስ ምን ጠረግህ?"

ክሬግ ወደ መኪናው ሮጠ። ትንሽ የሸክላ ማጫወቻ አምጥቶ ኮፈኑ ላይ አስቀመጠና ሸክላዋን ከልብስ ውስጥ ፈታ። መርፌው ሲነካት ድምፅዋ እንደ ጋለ ዘይት ተንጣጣ። ጊታሩ መጣ። ውሻው ጮኸ። ከውሻው ጀርባ አንድ ጎረምሳ ሳቁ አምልጦት፣ ወዲያው ዋጠው።

"ዶይል!" አሉ እትዬ ማቪስ።

ሆይት በሩን ከፍተው ወጡ፤ ጣቱ በጎደለው እጃቸው መርፌውን አንስተው ወደ ኋላ መለሱት። ዶይል እንደገና ሳቀ።

"ሳቁንም... አጥፍቼው ነበር" አለ ክሬግ ቀስ ብሎ።

"ውሻውም ሳቁም ካሉበት አሳትም። ሸክላዋ ግን ዛሬ እዚህ ታድራለች" አሉ ሆይት።

"ኧረ አባቴ! ከእሷ ሌላ የትም አላገኘሁም። ብትሰበርስ? ነገ አልሰጥም ቢሉስ?"

ሆይት በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። "አላመንከኝም ማለት ነው?"

"አይ፣ እሱስ..."

"እንግዲያው ግባና ጠብቃት።"

ገባን። ማጫወቻው ከባቄላውና ከበቆሎ ዳቦው መሃል ተቀመጠ። ዘፈኑ ባለቀ ቁጥር እትዬ ማቪስ መርፌውን ይመልሱታል። ክሬግ ዓይኑን ከሸክላዋ ሳይነቅል ይጎርሳል፤ ሆይትም ዓይናቸውን ከክሬግ ሳይነቅሉ።