አባቴ ያላየው የእርሳስ ጽሑፍ

ባለፈው ሳምንት የዓይን ሐኪም ዘንድ ሄጄ ጠብታ ተደረገልኝ። ጠብታው ዓይኔን አቃጥሎ ወደ ጉሮሮዬ ሲወርድ የሚተወውን ምሬት ሳውቀው ደነገጥኩ። ልጅ ሆኜ፣ አባቴ ዓይኑን በታከመ ሰሞን ተመሳሳይ ጠብታ ስጨምርለት፣ «ጉሮሮዬ መረረኝ፣ ስኳር አምጪልኝ» ይለኝ ነበር። ዓይን ውስጥ በገባ ነገር ጉሮሮ እንዴት ይመርራል ብዬ እስቅበት ነበር። ይኸው ከስንት ዓመት በኋላ፣ እሱ ካረፈም በኋላ፣ እውነቱን እንደነበር አወቅኩ።

አባቴ ከጎጃም ተመድቦ አሶሳ የመጣ የአማርኛ መምህር ነበር። እኔ የተወለድኩት እዚሁ ነው፤ እናቴም የተቀበረችው እዚሁ። እሷ ስታርፍ አሥር ዓመቴ ነበር። አባቴ ኀዘኑን ለሰው የሚያወራ ዓይነት አይደለም። ከትምህርት ቤት ሲመለስ እግሩን ይታጠብና በረንዳው ላይ ወንበር አውጥቶ፣ የእናቴን የጸሎት መጽሐፍ ይዞ ይቀመጣል። አንዱን ጸሎት ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብልኛል። ከዚያ ሁለታችንም የየራሳችንን መጽሐፍ ገልጠን፣ ፊደሉ አልታይ እስኪለን ድረስ ዝም እንላለን። ክረምት ሲሆን ግቢው የወደቀ ማንጎና የረጠበ የቀርከሃ አጥር ይሸታል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የአባቴን ድምፅ አልሰማውም፤ ከንፈሩን እያየሁ እከተለዋለሁ። እናቴ ከሞተች በኋላ መጀመሪያ ደህና እንቅልፍ የወሰደኝ እዚያ በረንዳ ላይ ነው።

አሥራ ሁለት ዓመቴ ላይ ግን አንድ ነገር አየሁ። እርጥበት ያጣበቃቸውን ሁለት የመጽሐፉን ቅጠሎች አባቴ አንድ ላይ ገለጣቸው። «አባዬ፣ ዘለልከው» ልለው አፌን ከፈትኩ። ንባቡ ግን አልተዘለለም። የተዘለለው ገጽ ላይ ያለውን ጸሎት አንድ ቃል ሳያጎድል ቀጠለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አስተውለው ጀመር። ውኃ ሲቀዳ ጣቱን ብርጭቆው ውስጥ ያስገባል። የራሱን መጽሐፍ ይዞ ሲቀመጥ ገጽ አይገልጥም። ጸሎቱን በቃሉ ነበር የሚያነብልኝ። አልነገርኩትም። ከተናገርኩት በረንዳችን የሚፈርስ መሰለኝ።

ሰኔ ላይ ውጤት በተሰጠ ማግስት አንዲት ሴት በራችንን አንኳኳች። የበርታ ተወላጅ ናት፤ ከመንጌ ነው የመጣችው፤ ልጇ አሶሳ ቤት ተከራይታ ስምንተኛ ክፍል ትማራለች። እናትዮዋ ወንዝ ውስጥ ቆማ ወርቅ እያጠበች ነበር የምታስተምራት፤ እጆቿ ከውኃ ብዛት ተሰነጣጥቀዋል። አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም። ልጅቷ ከኋላዋ አንገቷን ደፍታ ቆማለች።

«መምህር፣ ልጅ ጽፏል» አለች፣ የታጠፈ የፈተና ወረቀት እየዘረጋች። «አንተ ዜሮ ሰጥቷል። ልጅ ከወደቀ መንጌ ይመለሳል። ቤት ኪራይ ሌላ ዓመት የለም።»

አባቴ ወረቀቱን ተቀብሎ ወደ ብርሃኑ አዞረው። አቀረበው፣ አራቀው። ከጎኑ ቆሜ አየሁት፤ ገጹ ከላይ እስከ ታች በቀጭን እርሳስ ተሞልቷል። አባቴ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው።

«አንቺ አንብቢው» አለኝ።

አነበብኩት። የምትወዱትን ሰው ግለጹ የሚል ድርሰት ነበር፤ ልጅቷ የጻፈችው ስለ እናቷ ነው። «እናቴ ቀኑን ሙሉ ወንዝ ውስጥ ቆማ ትውላለች። ወርቅ የተገኘ ቀን አታወራም። ያልተገኘ ቀን እኛ እንዳናዝን ትዘፍናለች።» እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ስጨርስ ሴትዮዋ ወደ ልጇ ዞራ በበርታኛ አንድ ነገር ጠየቀቻት። ልጅቷ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«ወረቀቱ ባዶ መስሎኝ ነው» አለ አባቴ። «ልጅዎ አልሰነፈችም። ዓይኔ ነው። ካየሁ ዓመት አልፎኛል።»

ይህን ሲናገር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሴትዮዋ የምትቆጣ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን የበረንዳውን ወንበር ሳበችና፣ «ቁጭ በል መምህር» አለችው።

እነሱ ሲሄዱ ለምን እንደደበቀ ጠየቅኩት። «ከሥራ ቢያሰናብቱኝ አንቺን በምን ላሳድግሽ ነው?» አለኝ። ቀጥሎም፣ «እናትሽን እዚህ ትተን የት እንሄዳለን?» አለ።

በማግስቱ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ ወረቀቱን ይዞ ርእሰ መምህሩ ዘንድ ገባና ሁሉንም ተናገረ። የክፍሉ ወረቀት በሙሉ በሌላ መምህር እንደገና ታረመ። ልጅቷ አለፈች። አባቴንም እንደፈራው አላሰናበቱትም፤ ሆስፒታል ላኩት። ሐኪሙ አይቶት፣ «ሞራ ነው፤ ይገፈፋል» አለ። እንዲህ በሦስት ቃል።

በቀዶ ጥገናው ቀን የመንጌዋ ሴት ሳንጠራት መጣች። ኮሪደሩ ላይ ከጎኔ ተቀምጣ መቁጠሪያዋን ታንቀሳቅሳለች፤ እኔ እናቴ ያስተማረችኝን ጸሎት በልቤ እላለሁ። «አትፍራ» አለችኝ አንድ ጊዜ። «ወላሂ፣ እኔ ዱዓ ያደርጋል። አንተም ያደርጋል። ሁለት ነው።» ያን ቀን ከሰማሁት ሁሉ ያጽናናኝ ይህ ነው።

ዓይኑ ታስሮ በቆየባቸው ቀናት አንባቢዋ እኔ ሆንኩ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ የእናቴን መጽሐፍ አነብለታለሁ፤ ስሳሳት በቃሉ ያርመኛል። አንድ ከሰዓት በኋላ ገጹ ዳር ላይ የእናቴን እጅ ጽሑፍ አገኘሁ። ታማ በተኛችበት ጊዜ የጻፈችው መሆን አለበት፤ ፊደሎቹ ተንጋደዋል።

«አባዬ፣ እዚህ ዳር ላይ ጽፋለች።»

«ምን ይላል?»

«‹ሁለቱን አደራ› ይላል።»

«ድገሚልኝ» አለ። ደገምኩለት። ሁለት ዓመት ሙሉ ብቻችንን እንደቀረን ነበር የማስበው። እናቴ እኛን አስቀድማ ለእግዚአብሔር አደራ እንደሰጠችን ያኔ ነው የገባኝ፤ የእምነቴ መጀመሪያ የቱ ነው ብትሉኝ ያቺን ከሰዓት እጠራለሁ።

ፋሻው ሲፈታ አባቴ ዓይኑን ጨፈን ገለጥ አድርጎ መስኮቱን አየ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «መቼ ነው እንዲህ ያደግሽው?» አለኝ።

ወደ ቤት በእግራችን ተመለስን። ዝናቡ አባርቶ መንገዱ ያበራል። አባቴ በየሱቁ በር እየቆመ ማስታወቂያውን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ የፀጉር ቤቱን፣ የእንጨት ሥራውን፣ የመድኃኒት ቤቱን። ፊደል የተሳሳተ ሲያገኝ ባለሱቁን ጠርቶ ያርማል። ሰው ይስቃል፣ እሱም ይስቃል። መንገዱን ራሱ እያየ፣ ጉድጓዱንም ራሱ እየዘለለ ነበር የሚሄደው፤ መሪ አላስፈለገውም። እጄን ግን ቤት እስክንገባ ድረስ አልለቀቀውም።