የእናቴ ሰንበትና የእነሱ ሻማ

አሁንም ሻማ ሳይ ደሜ ይፈላል።

ያኔ ሰመራ ውስጥ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። እናቴ ከጎንደር መጥታ አብራኝ ትኖር ነበር። አባቷ የቤተ እስራኤል ቄስ ነበሩ። ወንድሟ ከሌሎች ዘመዶቻችን ጋር እስራኤል ሲገባ እኛ ቀረን። በየሳምንቱ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከሰሉን ታጠፋለች፣ አምፖሉን ታጠፋለች፣ በዚያ ሙቀት ቬንትሌተሩን እንኳ አትምርም። በሰንበት ቤት ውስጥ የሚነድ ነገር አይኖርም፤ ከአባቷ የተማረችው ኦሪት ይኸው ነው። ከዚያ ፊቷን ወደ ኢየሩሳሌም አዙራ በግእዝ ትጸልያለች። ጎረቤቶቻችን ቆጣሪያችን የተበላሸ ይመስላቸው ነበር።

አንድ ቀን ከጎንደር አንድ ዘመዳችን ደወለ። ከየአገሩ የተውጣጡ አይሁድ ወጣቶችን ስለ ቅርሳቸውና ስለ ጽዮን የሚያስተምር ፕሮግራም አለ፣ ተማሪዎቹ አገር ሲጎበኙ አንዱን ሰንበት አዋሽ ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ ያሳልፋሉ፣ ስለ ድሮው ሰንበት የምታጫውታቸው እናት ይፈልጋሉ አለኝ። እናቴ ስልኩን ከእጄ ቀማችኝ። የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የአባቷን ጸሎት በአይሁድ ልጆች ፊት አድርሳ «አሜን» ሲሏት መስማት። አባቷ ከሞቱ ወዲህ አሜን የምላት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እኔ ደግሞ ግእዙ አይገባኝም።

ሐሙስ የሰንበት ዳቦዋን ጋግራ በነጭ ጨርቅ ጠቀለለች፤ ዓርብ ጎህ ሲቀድ በሚኒባስ ተነሣን። ሚሌን አልፈን ገዋኔ ስንደርስ የጅቡቲ ከባድ መኪኖች መንገዱን ዘግተው ቆመዋል። «ሰንበት መንገድ ላይ ልትገባብኝ ነው!» እያለች ሾፌሩን መድረሻ አሳጣችው። ደግነቱ ደረስን።

የሆቴሉ አዳራሽ ግድግዳ ላይ የእስራኤል ካርታ ተሰቅሏል። አስተማሪዋ ወላጆቿ ከጎንደር የሄዱ፣ እስራኤል የተወለደች ወጣት ናት። በተሰባበረ አማርኛዋ «እማማ!» ብላ እናቴን አቀፈቻት። እናቴ አለቀሰች። ዳቦውን ግን «ይቅርታ እማማ፣ እኛ የኮሸር ሕግ አለን፣ ውጭ የተጋገረ አንበላም» ብላ ጥግ አስቀመጠችው።

ቀጥላ ሻማ አወጣችና ክብሪቱን ለእናቴ ዘረጋችላት።

«እማማ፣ አንቺ አብሪ። አይሁድ እናት ሰንበትን በሻማ ነው የምትቀበል።»

እናቴ እጇን ሰበሰበች። «ኧረ ልጄ፣ ሰንበት ልትገባ እሳት እለኩሳለሁ?»

«ሳትገባ ይበራል። ከዚያ ራሱ እስኪያልቅ ይነዳል።»

«በሰንበት እሳት ሲነድ ቁጭ ብዬ ልይ? አባቴ ቢሰሙ ምን ይሉኛል!»

ልጅቷ ሳቀች። ሳቋ ክፋት አልነበረበትም፤ ይበልጥ ያበገነኝም እሱ ነው። ወደ ተማሪዎቹ ዞራ በእንግሊዝኛ፣ «ከሌላው አይሁድ ተለይተው ስለኖሩ ቅርሳቸው ጠፍቶባቸዋል፤ እኛ እየመለስንላቸው ነው» አለች። እንግሊዝኛ የማልሰማ መስሏታል።

«ማን ነው የጠፋበት?» ብዬ ጮህኩ። «ቡዳ እየተባለች የጠበቀችውን አንቺ ነሽ የምትመልሽላት? መጀመሪያ አትሰሚያትም?»

እናቴ ክንዴን ያዘችኝ። «ተይ፣ እንግዳ ነን።»

ሻማውን አስተማሪዋ ራሷ ለኮሰችው። ዘመሩ፤ ከዚያ ስለ ጽዮን ናፍቆት ትምህርት ተሰጠ። ዕድሜዋን ሙሉ ጽዮንን ስትናፍቅ የኖረችው ሴትዮ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ አንድም ሰው አልጠየቃትም። በመጨረሻ ተነሥታ በረንዳው ላይ ብቻዋን ጸለየች። ተከትያት ወጥቼ አሜን ያልኳት እኔው ነኝ።

በሚቀጥለው ዓርብ ከቢሮ ስገባ ቤታችን ውስጥ ሻማ ይነዳል። ለካ ከሱቅ ገዝታ ኖሯል።

«እማዬ! ምን ሆነሻል?»

«ምን ላድርግ ልጄ? ወንድሜ ያለው እነሱ ዘንድ ነው። ሻማ አላበራም ብዬ አይሁድ አይደለሽም ቢሉኝስ?»

ሻማው በሰመራ ሙቀት ጎብጦ ጠረጴዛው ላይ ይንጠባጠባል። እፍ ልለው ጎንበስ ስል እጇን አፌ ላይ አደረገች።

«ሰንበት ገብታለች» አለችኝ። «አሁን ማጥፋትም አይቻልም።»

ከዚያ ፊቷን ወደ ኢየሩሳሌም አዞረች፤ እሳቱን ላለማየት ዓይኗን ጨፍና መጸለይ ጀመረች። ስትጨርስ አሜን አልኳት። ሻማው ገና ስላላለቀ ዓይኗን አልገለጠችም።