ኤሊዋን ያጎረስኩ ሰሞን

እኔ ሰው ሳይበላ ማየት አልችልም። ገበታዬ ላይ የተቀመጠ ሰው እጁን ከሰበሰበ "በሞቴ!" እላለሁ፤ እምቢ ካለ አጎርሳለሁ፤ አሁንም እምቢ ካለ እቆጣለሁ። መተማ ውስጥ የማውቃቸው ሴቶች ሁሉ እንደዚሁ ስለሆኑ ይህን እንደ ጥፋት ቆጥሬው አላውቅም ነበር።

እናቴ ካረፈች በኋላ አባቴን ከደጋ አምጥቼ ከእኔ ጋር አኖርኳቸው። በቆላው ሙቀት ይሁን በሐዘን፣ ምግብ ዘጋቸው። ሁለት ሦስት ጊዜ ይጎርሱና "ጠገብኩ" ይላሉ። እኔ ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ "አባባ፣ በሞቴ ይብሉልኝ!" እላለሁ። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። ልብሳቸው እየሰፋቸው ሲሄድ ሳይ እናቴን ተከትለው የሚሄዱብኝ መስሎኝ ፈራሁ።

አንድ ቀን ኤሊ ይዘው መጡ። ሽንፋ አካባቢ ያለው ማሳችን በትራክተር ሲታረስ ሊያዩ ሄደው፣ ማረሻው ሳይደርስባት ነው ያነሷት።

"እርሻው እስኪያልቅ እዚህ ትቆይ" ብለው ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር አስቀመጧት። እሷ ግን አንገቷን ሰብስባ ቀረች።

ይኸው ሥራ አገኘሁ። ሀብሀብ ቆርጬ ይዤላት አፈጠጥኩባት። አፍንጫዋ ብቅ ሲል "ብዪ እንጂ!" ብዬ አፏ ድረስ አስጠጋሁላት፤ እስ ብላ ተመልሳ ገባች። በማግስቱ ባሚያ አቀረብኩ። በሦስተኛው ቀን እንጀራ አርሼ፣ ጠቅልዬ ላጎርሳት ታገልኩ። "በሞቴ" ስላት ጎረቤቴ በአጥር ሰምታ እስካሁን ትስቅብኛለች። አባቴ ይህን ሁሉ በተከፈተው በር አጠገብ ካለው አልጋቸው ላይ ሆነው ያያሉ።

በአራተኛው ቀን "ዘወር በይላት" አሉኝ።

"ታዲያ ማን ያብላት?"

"አፍ አላት። የፈራችው ዓይንሽን ነው።"

ተናድጄ ቁራጭ ሀብሀብ ፊቷ ትቼ ጀርባዬን ሰጠኋትና ለዘር የተቀመጠውን ሰሊጥ ማበጠር ጀመርኩ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ቅርጭ ቅርጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ልዞር ስል አባቴ በሹክሹክታ "አትዙሪ!" አሉኝ። ስነሳ ከሀብሀቡ የቀረው ልጣጩ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ በዚያው ሰዓት፣ እዚያው ቦታ አስቀምጬላት ፊቴን አዞራለሁ። ሳምንት ሲሆናት ጎኔን ሰጥቼ አጠገቧ ብቀመጥም አንገቷን ዘርግታ ትበላ ጀመር።

የአባቴ ንግግር ግን ሲከነክነኝ ሰነበተ። ስለ ኤሊዋ ብቻ ነበር የተናገሩት? እወዳቸዋለሁ፤ ግን ገበታቸው ላይ እንደ ዘበኛ ነበር የቆምኩባቸው። አፈርኩ።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት የማሽላ እንጀራ በባሚያ ወጥ አቀረብኩላቸው። "በሞቴ" ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። ወጣሁና ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ከኤሊዋ ጋር ኒሙ ሥር ተቀመጥኩ። ሁለት ጊዜ ልዞር ቃጥቶኝ ራሴን ያዝኩ። ከውስጥ ምንም አይሰማም። እንደ ልማዳቸው ትተውት ተኝተዋል ብዬ ተስፋ ልቆርጥ ስል ድምፃቸው መጣ፤ እናቴ ከሞተች ወዲህ ያልሰማሁት የድሮው ቁጣቸው።

"አንቺ ልጅ! ለዚህ ወጥ ጨው ማን ከለከለሽ?"

ሮጬ ጨው አመጣሁ። አጠገባቸው አስቀመጥኩና፣ ሳህናቸውን ሳላይ፣ እንባዬንም ሳያዩብኝ ተመልሼ ወጣሁ።