ለከተማው ጥቅም የተሠራው ተርታ ቤት

ጭቃ ከጭድ ጋር ሲቦካ የሚሸተውን ሽታ እስከ ዛሬ እሸሸዋለሁ። ባለፈው ሰሞን ቆቦ ላይ፣ ከአስፓልቱ ዳር፣ አዲስ የኪራይ ቤቶች ሊሠሩ ነው ተብሎ እኛን አሮጊቶችን ለምርቃት ጠርተውን ነበር። ለዘበኛው የምትሆን ትንሽ ጎጆ ጥግ ላይ እየተመረገች ነው። ሽታው ገና ሲደርሰኝ አፍንጫዬን በነጠላዬ ሸፈንኩ። ድምፅ ማጉያ የያዘው ሰውዬ ግን ይናገራል፦ ሥራ ይፈጠራል፣ ውኃ ይገባል፣ መንደሩ ይለማል። ሰዉ አጨበጨበ። እኔ እጄን ከነጠላዬ ውስጥ አላወጣሁም። ምርቃቱ እኔ ዘንድ ሲደርስ፣ «ቁልፉ በማን እጅ ነው የሚሆነው?» አልኩ። ወጣቶቹ ሳቁ። እርጅና ነው ብለው ይሆናል።

ቤት ጠልቼ አይደለም፣ ልጄ። ይህንኑ ንግግር ኮረዳ ሳለሁ እዚሁ ከተማ ውስጥ ስለ ሰማሁት ነው።

ያኔ ክፉ ቀን ነበር፤ ዛሬ የስልሳ ስድስቱ ረሃብ የሚሉት። የራያ ቆላ ዝናብ ካየ ቆይቷል። ከዋጃም ከጎብዬም በኩል ሰው እየመጣ በመንገዱ ግራና ቀኝ ይተኛል። የሚያስፈራው ዝምታው ነበር። ከብት አያገሣም፣ ዶሮ አይጮኽም፣ ሕፃን እንኳ አልቅሶ አይጨርስም። በዚያ መሀል አንድ የእህል ነጋዴ ሽማግሌዎቹን ሰብስቦ የሚከራይ ተርታ ቤት ልሠራ ነው አላቸው።

«ለእናንተው ጥቅም ነው» አለ። «ለሚሠራ ሰው ማሽላ እሰፍራለሁ። ተከራይ ሲገባ ገበያው ይደራል። የግቢውን ጉድጓድ ሁሉም ይቀዳል። ክፉው ቀን እስኪያልፍም መጠጊያ ላጣ መጠጊያ ይሆናል።»

ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ዘርግተው መረቁት። ግንበኛው አባቴም አሜን አለ፤ ሥራውንም እሱ ያዘው።

ምሳ ይዤለት ስሄድ ያየሁትን አልረሳውም። ጭዱ ከሩቅ በመኪና ነበር የመጣው። ገና ሲራገፍ ሴቶቹ ተሯሩጠው ከበቡትና በጣታቸው እያበጠሩ የቀረች ፍሬ ይለቅሙ ጀመር። አባቴ ጭቃው እየደረቀ ቆሞ ይጠብቃቸዋል። «ይልቀሙ» ይላል፣ «ግድግዳው የትም አይሄድም።»

ጭቃውን ከሚረግጡት አንዱ ከዋጃ በኩል ነፍሰ ጡር ሚስቱን ይዞ የመጣ ገበሬ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ቀልደኛ ሰው። «አውድማ ላይ በሬ ሳኬድ የኖርኩ ሰው፣ ዛሬ በሬው ራሴ ሆንኩ!» እያለ አባቴን ያስቀው ነበር። ማታ የሚሰፈርለትን እፍኝ ማሽላ ለሚስቱ ይሰጣታል። እሱ ምን እንደሚበላ ስንጠይቀው፣ «እኔማ ጠገብኩ» አለን።

ቤቱ አለቀ። በኖራ ተለቀለቀ፤ ቆርቆሮው ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን ይወጋል። መጠጊያ ላጣ መጠጊያ ይሆናል ያለውን ቃል አባቴ ነጋዴውን ቢያስታውሰው፣ «ጭቃው ይድረቅ» አለ። ጭቃው ደረቀ። ከዚያ አንድ ሌሊት መኪና ሲያጓራ አደረ፤ ሲነጋ በየበሩ ጓጉንቸር ተንጠለጠለ፤ በረንዳው ላይም ዱላ የያዘ ዘበኛ ቆመ። «ተከራይ እየጠበቅን ነው» ተባለ። ረሃብተኛውን ከጉድጓዱ ውኃም ከለከሉት፤ ያቆሽሻል ተብሎ።

ገበሬው ግን አልሄደም። አጥር ይታጠራል፣ ሥራ አይጠፋም ብሎ ከግድግዳው ሥር፣ ከውጭ በኩል፣ ተጠግቶ ሰነበተ። አንድ ጠዋት አባቴ ሰላም ሊለው ጎንበስ ሲል፣ ጀርባውን ለግድግዳው እንደ ሰጠ ደርቆ አገኘው። ሚስቱ አጠገቡ ቁጭ ብላለች። አላለቀሰችም። እንባም እኮ ከምግብ ነው የሚመጣው።

ከቀብሩ በኋላ እኩለ ቀን ላይ ሰማዩ ጠቆረ። ስንት ዱዓ የተደረገለት ዝናብ በረዶ ይዞ ወረደ። በባዶ ሆድ ላይ ብርድ ምን እንደሚሠራ ያየ ያውቀዋል። ሴትዮዋን ምጥ ያዛት። እናቴ ደግፋ በረንዳው ላይ ብታወጣት ዘበኛው በዱላው ጫፍ ይገፋት ጀመር። አባቴ ወደ ነጋዴው ቤት ሮጠ፤ እኔም ተከተልኩት። ሰውየው ምሳ ላይ ነበር።

«ቁልፍ ይስጡኝ። ሴትዮዋ እያማጠች ነው።»

«አዲስ ቤት ላይ ደም ይፍሰስ ትላለህ? ከዚያ በኋላ ማን ይከራየዋል?»

«ባሏ የረገጠው ጭቃ እኮ ነው፣ ጌታው!»

«ዋጋውን በልቷል» አለና ወደ ገበታው ዞረ።

አባቴ ሲቆጣ አይቼው አላውቅም ነበር። በዝናቡ ውስጥ ተመልሶ መጣ፤ ዲጅኖውን ከቤት አነሣ። እናቴ፣ «ኧረ ያስሩሃል!» ብላ ጮኸች።

«ይሰሩኛ!»

ዘበኛው ዓይኑን አይቶ ገለል አለ። ጓጉንቸሩ ከነመንጠቆው ተነቅሎ ወደቀ፤ በሩ ተከፈተ።

መጀመሪያ የወጣው ሽታው ነው። የማሽላ ሽታ። ክፍሉ ከወለል እስከ ማገሩ በጆንያ ታጭቋል። ሁለተኛውን ከፈተ፤ ጆንያ። ሦስተኛውም እንደዚያው። እስኪወደድ ይጠብቃል ለካ! ተከራዩ ማሽላው ነበር። ያ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ የሞተበት ግድግዳ ከአንድ ስንዝር ብዙም አይወፍርም፤ ወዲያኛው ጎኑ እህል ነው። አላህ ይቅር በይ ይላል፤ እኔ ግን ዛሬም፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ አልቻልኩም።

ልጅቷ ጆንያው ላይ ተወለደች። እናቴ በሻሿ ጠቀለለቻት። የሰፈሩ ሴቶች፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ማንም ሳያዛቸው ድስት ይዘው መጡ፤ ጆንያ ተፈታ፤ እዚያው በረንዳ ላይ እሳት ነደደ፣ ቀጭን አጥሚት ተበጠበጠ። መንገድ ዳር የተኛው ሰው እየተደገፈ መጣ። ያ ቤት ነጋዴው የማለለትን ጥቅም የሰጠው ያን ከሰዓት ብቻ ነው፤ ፖሊሶቹ እስኪደርሱ ድረስ።

አባቴን እጁን ወደ ኋላ አሰሩት። ከመሄዱ በፊት እናቴ ሕፃኗን ወደ ፊቱ አቀረበችለት። «አብሽሪ፣ አይዞሽ» አላት፣ እንደ ትልቅ ሰው። ከዚያ ወሰዱት።

ተርታው ቤት በኋላ፣ ዘመን ሲለወጥ፣ ተወርሶ የቀበሌ ሆነ። ዛሬም ሰው ይኖርበታል። ጥሩ ቤት ነው፤ አባቴ ክፉ ቤት ሠርቶ አያውቅም።

ሕፃኗ ግን ብዙ አልቆየችም። የእናቷ ጡት ደረቅ ነበር። አጥባ የገነዘቻት እናቴ ናት። ሴትዮዋም ዝናቡ ሲደላደል፣ እናቴ የቋጠረችላትን የማሽላ ዘር ይዛ ብቻዋን ወደ ዋጃ ተመለሰች።

አባቴ ከእስር ሲፈታ ትከሻው ወድቆ፣ ፂሙ ሸብቶ መጣ። ደጃፍ ላይ እንደ ቆመ፣ ውኃ እንኳ ሳይቀምስ፣ «ልጅቷስ?» አለ።

እናቴ የውኃውን ጣሳ እያቀበለችው፣ «እናቷ ይዛት አገሯ ገባች። ጥርስ አብቅላለች» አለችው።

አልሐምዱሊላህ ብሎ ተቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነው። ከተማው ሁሉ እውነቱን ያውቅ ነበር። መቃብሯን የቆፈሩት ሰዎች አብረውት ይሰግዱ ነበር። አንድም ሰው አልነገረውም፤ እስኪሞት ድረስ።

ከዓመታት በኋላም በገበያ ቀን ከዋጃ በኩል የሚመጡትን ልጃገረዶች ቆሞ ያያቸው ነበር። «ይህችኛዋ አትሆንም?» ይላል። እናቴም ቅርጫቷን እያስተካከለች፣ «አድጋለች እኮ፤ በምን እንለያታለን?» ትለው ነበር።