የኦቦ ቶላ ቀይ ድንጋዮች

ያደግኩት ፈንጂ ተቀብሮበት በነበረ የድንበር አገር ነው። ፈንጂ የሚያመክኑ ሰዎች ትምህርት ቤታችን እየመጡ፣ «ቀይ የተቀባ ድንጋይ ካያችሁ ቁሙ፤ ነጭ ከሆነ ጸድቷል፣ እለፉ» ይሉን ነበር። እኛም ወደ ቤት ስንመለስ እንደ ሰኞ ማክሰኞ እንጫወተው ነበር። ያ ጊዜ ከነፍርሃቱ ይናፍቀኛል።

አሁን የምኖረው ቡራዩ ነው። ባለፈው ልጄ ናቲ ከእጄ አምልጦ የጎረቤታችን የኦቦ ቶላ ጓሮ ገባ። ልከተለው ስል ለካ ጓሮው ዙሪያውን ቀይ የተቀባ ድንጋይ ተደርድሮበታል። እግሬ አልነቃነቅ አለኝ።

«ናቲዬ፣ እንዳትንቀሳቀስ!» ብዬ ጮህኩ።

ኦቦ ቶላ ከቤት ወጡ። «ማል ታቴ ልጄ? ምን ሆንሽ?»

«ልጄን ያውጡልኝ! ድንጋዩ ቀይ ነው!»

«ድንቼ እንዳይረገጥብኝ የቀባሁት ነው እኮ!» አሉ እየሳቁ። «ግቢና ውሰጂው።»

«አልችልም ኦቦ። እኛ አገር ቀይ ካለ ፈንጂ አለ ማለት ነው።»

ሳቃቸውን አቆሙ። ናቲን አቅፈው አመጡልኝና ወዲያው ተመልሰው ገቡ። እኔም እንዳበድኩ ቆጠሩኝ ብዬ አፍሬ ሄድኩ።

በማግስቱ በዚያው ሳልፍ ድንጋዮቹ ሁሉ ነጭ ተቀብተዋል።

ስለ ነጩ እኮ አልነገርኳቸውም ነበር።