ብርድ አለባት ያልኩ ዕለት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም። ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ የሻርኩትን ጾም ሁሉ ዘክዝኬ እጨርስና እዚህ ላይ ስደርስ ዝም እላለሁ። "ሌላስ ልጄ?" ይሉኛል። "ሌላ የለም አባቴ" እላለሁ። እናንተ አታውቁኝም፤ ለዚህ ይሆናል ለእናንተ መናገር የቀለለኝ።

እኔ ነርስ ነኝ። ዳንግላ ገበያው አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይቼ የመርፌ ሕክምና እሰጥ ነበር፤ አኩፓንክቸር የሚሉትን። በወጣትነቴ በሠራሁበት ሆስፒታል አንድ ቻይናዊ ሐኪም ነበሩ፤ ሁለት ዓመት አጠገባቸው ቆሜ ተማርኩ። ለወገብ ሕመም፣ ለራስ ምታት፣ ፊቱ ለተጣመመ ሰው በመርፌዬ ብዙ ረድቻለሁ፤ ይህን አልክድም። ሰዉ "ዶክተር" ይለኝ ጀመር። እኔም አላረምኩትም። ዛሬ ሳስበው፣ የመጀመሪያው ውሸቴ ያ ዝምታ ሳይሆን አይቀርም።

አንጓች የመጣችው በጋሪ ነው፤ ከባሏ ከጌትነት ጋር፣ ከዳንግላ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ። ከተጋቡ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ ልጅ የለም። እኔ ጋ ከመድረሷ በፊት ያልሞከረችው አልነበረም። ሁለት ጊዜ ሱባኤ ገብታ ጠበል ተጠምቃለች። ሆድ የሚያሹ አሮጊት አሽተዋታል። ሥር በማር ለውሳ ውጣለች፤ ጤና ጣቢያ የሰጧትንም ክኒን ጨርሳለች። ይህን ሁሉ የነገረችኝ የሌላ ሰው ጉዳይ እንደምታወራ ሆና ነው። ባሏ በሩ ላይ ቆሞ የጋሪውን ፈረስ ያይ ነበር።

አስተማሪዬ ለእንዲህ ያለችው ሴት "ማህፀኗ ቀዝቅዟል" ይሉ ነበር። በእሳቸው ትምህርት ይህ የሚታከም ሕመም ስም ነው። የእኛም አገር ሰው "ብርድ መታት" ይላል፤ ለእኛ ግን ብርድ መድኃኒት የሌለው ነገር ነው። ሁለቱ አንድ እንዳልሆኑ አውቅ ነበር። ብርድ አለብሽ አልኳት፤ አመነችኝ። ከጉልበቷ በታች፣ ቁርጭምጭሚቷ ላይ፣ ከእምብርቷ ግራና ቀኝ መርፌ ተከልኩባት። ሐኪሙ የተዉልኝ የሚያጨሱት ቅጠል ሲያልቅብኝ የእኛኑ አገር ጭቁኝ ቅጠል አድርቄ፣ ጠቅልዬ፣ ለኩሼ በጭሱ ሆዷን አሞቅሁ። ቀዝቃዛ ውሃ አትጠጪ፣ ወገብሽን አትግለጪ አልኳት። ስድስት ወር በየሳምንቱ እየመጣች አንድ ቀን አልቀረችም።

በአራተኛው ወር ጌትነትን ባሕር ዳር ሄዶ እንዲመረመር አዘዝኩት። መጀመሪያ ላይ ማዘዝ ነበረብኝ፤ አላዘዝኩም። ወረቀቱን ይዞ ብቻውን መጣ። በናሙናው የወንድ ዘር ፍሬ አልታየም ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩለት።

"ዶክተር፣ ይኼ ነገር እርስዎና እኔ ዘንድ ይቅር" አለኝ።

ይቅር አልኩ። ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተ። በሳምንቱ አንጓች መጣች፤ እኔም መርፌዬን ተከልኩባት። በሚቀጥለውም ሳምንት ተከልኩባት። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይህ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ላሟ የት እንደዋለች እያወቅሁ ለቀምኩ።

ከዚያ የጌትነት ቤተሰብ ይለያዩ ብሎ ተነሳ፤ ሽማግሌ ተቀመጠ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እኔንም አስጠሩኝ። ከጌትነት ቤት ጓሮ፣ ዛፍ ጥላ ሥር አምስት ሽማግሌዎች እርስ በርሳቸው በአገውኛ እያወሩ ደረስኩ። አንጓች ከእናቷ ጋር ወዲያ ማዶ ተቀምጣለች። ጌትነት መሬት መሬት ያያል። ከሽማግሌዎቹ ትልቁ በአማርኛ ጠየቁኝ።

"ልጄ፣ አንተ የተማርክ ሰው ነህ። እኛ በግምት ቤት አናፈርስም። ጉድለቱ ከማን ነው?"

እኔ "እሷ ብርድ አለባት" አልኩ።

ያልኩት ይኸው ነው። አልማልኩም፣ አላብራራሁም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁና ነገሩ አለቀ። አንጓች አላለቀሰችም። ቀና ብላ አየችኝና እውነቱን ስለነገርኳት እንደምታመሰግን ሰው አንገቷን ዝቅ አደረገችልኝ። በዚያው ሳምንት ቤቱ ፈረሰ፤ እናቷ ቤት ገባች።

ለምን አደረግሁት? የታካሚ ምስጢር ጠብቄ ነው እንዳልል፣ ምስጢር የሚጠብቅ ዝም ይላል እንጂ ይዋሻል? "እኔ አላውቅም" ማለት አቅቶኝ ነበር? "የሷን ጉድለት አላየሁም" ብል የጌትነት ምስጢር ይወጣ ነበር? ጌትነትን ፈርቼ ነው? ጌትነት የሚያስፈራ ሰው አልነበረም። አዝኜለት ነው? ትንሽ አዝኜለታለሁ፤ ትንሽ ብቻ። እውነቱን ልንገራችሁ። የባሏ ወረቀት ቢወጣ ስድስት ወር ሙሉ የተከልኩት መርፌ ከንቱ እንደነበረ አገር ያውቅ ነበር። "ዶክተሩ ጤነኛ ሴት ሲወጋ ከረመ" ይባል ነበር። እኔ ያዳንኩት መርፌዬን ነው። የአንዲትን ሴት ሕይወት ለስሜ ሰጠሁ። ጌትነት እንኳ ዋሽልኝ አላለኝም፤ ዝም በልልኝ ነው ያለኝ። ውሸቱ የራሴ ነው።

ጌትነት በዓመቱ ሌላ አገባ። ሁለተኛይቱን ሚስቱን ወደ እኔ አላመጣትም። እሷም አልወለደችም፤ ሰዉ ግን "የመጀመሪያይቱ እንባ ነው" አለ። ይህንንም ሰምቼ ዝም አልኩ። እኔ በበኩሌ ከዚያ ወዲህ ልጅ ላጣች ሴት መርፌ አልተከልኩም። ይህን እንደ ጽድቅ አትቁጠሩልኝ፤ ፈርቼ እንጂ ተጸጽቼ አልነበረም።

ይህ ከሆነ አሥራ ሁለት ዓመት አለፈ። አምና ለአንድ ዘመዴ ለቅሶ ጫግኒ ወረድኩ። ገበያው ውስጥ ሳልፍ "ዶክተር!" የሚል የሴት ድምፅ ጠራኝ። አንጓች ናት። በርበሬ ትነግዳለች። ጫግኒ ቆላ ነው፤ የዚያን ቀን ሸሚዜ ከጀርባዬ ተጣብቋል። እሷ ግን ጋቢ አጥፋ ወገቧ ላይ አስራለች። የታሸገ ቀዝቃዛ ውሃ አስመጣችልኝ፤ ለራሷ ከፔርሙስ ለብ ያለ ቀዳች። ገባኝ። አሁንም ያዘዝኳትን ትፈጽማለች።

በርጩማ ሰጥታኝ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ኑሮዋን ነገረችኝ። ሁለት ሰው ሽማግሌ ልኮባት እንደነበር ነገረችኝ፤ አንዱ መምህር ነው፣ ደህና ሰው ነው፣ ወድጄው ነበር አለች። ሁለቱንም መለሰች።

"ሳልደብቅ ነገርኳቸው ዶክተር። ማህፀኔ ብርድ ነው፣ ሌላ ፈልጉ አልኩ። መምህሩ ግድ የለም ብሎኝ ነበር፤ እኔ ነኝ እንቢ ያልኩ። እርስዎ ባይነግሩኝ ኖሮ ያንን የመሰለ ሰው ያለ ልጅ አስቀረው ነበር።"

ያኔ መናገር እችል ነበር። አፌን ከፍቼም ነበር። ዕድሜዋን አሰብኩ፤ አርባን አልፋለች። አሁን ብነግራት ምን ይጠቅማታል አልኩ። እንዲህ ብዬ ስናገር ለእሷ ያዘንኩ እመስላለሁ አይደል? እኔ ግን የፈራሁት ፊቷን ነው። ቦርሳዬን አንስቼ ብድግ አልኩ። እሷም ተነሳች፤ ሁለት እጇን ዘርግታ መረቀችኝ።

"እግዜር ይስጥልኝ። ዘርዎ ይባረክ፤ ልጆችዎ ይብዙ ይባዙ።"

አራት ልጆች አሉኝ። አሜን አልኩ።

ከእናንተ ይቅርታ አልጠይቅም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ጫግኒ ከዚህ ሩቅ አይደለም፤ ጠዋት በሚኒባስ የሄደ ለምሳ ይደርሳል። እኔ ግን እዚህ ተቀምጬ እጽፋለሁ። እሷ ያላወቀችውን የራሷን ነገር እናንተ ቀድማችሁ አወቃችሁ፤ ይህም በዚያኛው ላይ የተጨመረ በደሌ ነው።