ጋሽ ድገሙ እና ስህተት የሌለው ዜማ

ባሌን ተማሪዎቹ «ጋሽ ድገሙ» ነው የሚሉት። ስሙን ያወጡለት እነሱ ናቸው፤ እኔ ብሆን ኖሮ የባሰ አወጣለት ነበር። ሠላሳ ስድስት ዓመት በአንድ ትምህርት ቤት ሙዚቃ አስተምሯል፣ የመዘምራን ቡድን መርቷል። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ከአፉ አብዝቶ የወጣው ቃል ደግሞ «ድገሙ» ነው። ልጆቹ ዘፈናቸውን ጨርሰው፣ ደስ ብሏቸው፣ እንዴት ነን ብለው ዓይን ዓይኑን ያዩታል። እሱ ጣሪያውን ያያል። ከዚያ «ድገሙ» ይላቸዋል። ዛሬ ጸጉራቸው የሸበተ ሰዎች መንገድ ላይ ሲያገኙት ገና ሰላም ሳይሉት «ጋሼ፣ እንድገም?» ነው የሚሉት።

እኔ የዚያው ትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። አንድ ዓመት ሠራተኛው የራሱን የዝማሬ ቡድን ያቋቁም ተባለና እሱ እያንዳንዳችንን ፒያኖው አጠገብ እያቆመ ፈተነን። ተራዬ ሲደርስ አንድ ድምፅ መታልኝ፤ ተቀበልኩት። ደግሞ መታልኝ፤ ደግሜ ተቀበልኩት። ጉንፋን ይዞኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። ደህና ነኝ አልኩት። ጠጋ አለና ሌላ ሰው እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«አንቺ ከንፈርሽን ብቻ አንቀሳቅሺ» አለኝ።

ሌላ ሴት ብትሆን ታኮርፍ ነበር። እኔ ሳቄ መጣ፤ በዓመቱ አገባሁት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ ከግራ ሦስተኛ ቆሜ፣ ከንፈሬን ብቻ ሳንቀሳቅስ ኖርኩ። ሰዉም «እንዴት ያለ ድምፅ ነው ያላችሁ!» እያለ አብሮ ያመሰግነኝ ነበር፤ እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ ምስጋናውን ስቀበል ኖርኩ። ቤት ውስጥም ያው ነው። ሳህን ሳጥብ ራሴን ረስቼ ካንጎራጎርኩ ከሳሎን ተነስቶ ይመጣና አንድ ቃል ሳይናገር የቧንቧውን ውሃ ለቀቅ ያደርገዋል። ውሃው ሲንሿሿ የኔ ድምፅ ይዋጣል፤ እሱም ተመልሶ ይቀመጣል። በኋላ እኔው ራሴ ተውኩት። የኔ የሙዚቃ ታሪክ ይኸው ነው።

ጡረታ በወጣ በዓመቱ ነው የማሽኑ ነገር ቤታችን የገባው። ልጃችን መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ አንድ ቀን ለምሳ መጣችና ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ «አባዬ፣ እስቲ ይህን ስማልኝ» አለችው። ለልጆች የተሠራ፣ በአራት ድምፅ የሚዘመር፣ ስለ ዝናብ የሆነ መዝሙር ነው። መነጽሩን አወለቀ። ሦስት ጊዜ ሰማው። ተነስቶ ኪቦርዱ ላይ ተቀመጠና እያንዳንዱን ድምፅ ለየብቻው እየተጫወተ መረመረው። አሁን አንዱን ጥግ ይዞ ሊቦጫጭቀው ነው ብዬ ጠበቅኩ። እጁን ከኪቦርዱ አነሳና መነጽሩን መልሶ አደረገ።

ያኔ ልጅቷ እውነቱን ነገረችው። መዝሙሩን የሠራው ቻትቦት የሚሉት፣ ሲጽፉለት የሚመልስ ማሽን ነው፤ እሷ ሁለት መስመር ጽፋ ጠየቀችው፣ እሱ የጫማ ክር አስረው እስኪጨርሱ እንኳ ሳይቆይ ሠርቶ ሰጣት። ስልኩን በመስኮት የሚወረውረው መስሎኝ እጄን አዘጋጅቼ ነበር።

«ጥሩ ነው» አለ። «ስህተት የለውም።» ደግሞም፣ «የሚታረም ከሌለው ግን እኔ ምን ልሥራበት?»

እኛ ሳቅን። እሱ አልሳቀም። ልጄ አባቷን ስለምታውቀው ልትከራከረው ሞከረች፤ በሬዲዮ ከምንሰማው አብዛኛው ከዚህ የባሰ ነው፣ ያንንም ደግሞ ሰው ነው የሠራው አለችው። እሱማ ልክ ነሽ አላት። ግን ያን ሳምንት ሙሉ ከሰው ጋር መነጋገር አስጠልቶት፣ ለኔም ለወንበሩም ፊቱን እንዳጠቆረ ሰነበተ።

ከዚያ ታመመ። ጠዋት ጺሙን ሲላጭ ምላጩ ከእጁ ወደቀ፤ ሄጄ ሳየው የፊቱ ቀኝ ወገን ወደ ታች ተጎትቷል። ስትሮክ ነው አሉን። እግሩ ቀስ በቀስ ተመለሰለት፤ በከዘራ መራመድ ጀመረ። ቀኝ እጁም ትንሽ ትንሽ መንቀሳቀስ ያዘ። ንግግሩ ግን አልተመለሰም። የምንለውን ሁሉ ይሰማል፣ ሁሉም ይገባዋል፤ መልስ ሊሰጥ አፉን ሲከፍት «እ... እ...» ብቻ ነው። ፊቱ ደም ይመስልና ይተወዋል። ሊጠይቁት የሚመጡ ሰዎች ደግሞ ጆሮው የደነቆረ ይመስል ይጮሁበታል። ሌሎቹም እሱ እዚያው ተቀምጦ እያለ ወደኔ ዞረው «ይበላል?» ይሉኛል። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። እውነቱን ልናገር፣ ስንት ዘመን እባክህ አፍህን ዝጋልኝ ስለው የኖርኩ ሴትዮ፣ ማድ ቤት ገብቼ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

የንግግር ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ክፍሏ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መስታወት፣ ሥዕል ያለባቸው ካርዶች፣ እግሩ ሲጢጥ የሚል ወንበር። ቃል በአንጎል ውስጥ የሚቀመጥበትና ዜማ የሚቀመጥበት ቦታ አንድ እንዳልሆነ አስረዳችን። አንዳንድ ሰው መናገር ያቃተውን ቃል በዜማ ይለዋል አለች። ስለዚህ በየቀኑ የሚያስፈልጉትን አጫጭር አረፍተ ነገሮች በዜማ እናደርጋቸዋለን፤ በግራ እጁ ጠረጴዛውን እየመታ አብሮን ያዜማል፤ ሲለምደው እኛ ቀስ በቀስ ድምፃችንን አጥፍተን ለብቻው እንተውለታለን፣ ኋላም ዜማውን እንተወዋለን። የመጀመሪያው «ውሃ ስጪኝ» የሚል ነበር። ኮሪደሩ ላይ ለብቻዬ ስታገኘኝ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ወራት ወሳኝ እንደሆኑ ነገረችኝ። ሁለቱ አልፈዋል። በሚቀጥሉት ሳምንታት ምንም ካልመጣ በሥዕል ሰሌዳ እያመለከተ መኖርን እናለማምደዋለን አለችኝ። ለሰሌዳው ክፉ ነገር የለኝም። እኔ ግን ከአፉ አንድ ቃል እንዲወጣ ፈለግኩ። በስሜ እንኳ ይጥራኝ አላልኩም፤ ማንኛውም ቃል ይበቃኝ ነበር።

የሐኪሟ ዜማ ሁለት ድምፅ ብቻ ነበረው፤ ከፍ፣ ዝቅ። ባሌ ሲሰማው ጥርሱን እንዳመመው ሰው ፊቱን አኮማተረ። ልጄ ተናደደች። ሙዚቀኛ ለሆነ ሰው የበር ደወል አይሰጠውም፣ ጥሩ ነገር ይገባዋል አለችና ከሰዓት ሙሉ ከቻትቦቱ ጋር ተቀመጠች። ሁሉን ነገረችው፤ ዕድሜውን፣ ሙያውን፣ ድምፁ ወፍራም መሆኑን፣ እያንዳንዱ ቃል ስንናገረው የት ላይ እንደሚነሳና የት ላይ እንደሚወድቅ። ስድስት ዜማ ሠራላት። እኔ ጆሮ የሌለኝ እንኳ ወደድኳቸው። «ውሃ ስጪኝ» የሚለው ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ የደከመው ሰው ወንበር አግኝቶ እንደሚቀመጠው። ሐኪሟም ሰምታ ተገረመች፤ አነጋገሩን በደንብ ተከትሎታል አለች። ሰው ማሽን ሠራው ሲባል ሊያንኳስስ ይቸኩላል፤ እኔ ግን የሰማሁትን ነው የምናገረው። ውብ ነበሩ።

ጣጣው ግን፣ ባሌም ወደዳቸው። ልጄ ዜማውን ስትከፍት ዓይኑን ይጨፍናል፣ ራሱን ወደ ኋላ ያስደግፋል፣ ይሰማል። አንዳንዴ እንባ ይወርደዋል። ሲያልቅ በጣቱ ያመለክታል፤ ክፈቱልኝ ነው። ደግሞ ይሰማል። ሐኪሟ እጁን ይዛ ጠረጴዛው ላይ እየመታች «ጋሼ፣ አብረን» ትለዋለች። እሷን ላለማሳፈር ይመስለኛል ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን የለም። ከንፈሩን ብቻ ነው የሚያንቀሳቅሰው። እኔ ያንን ሥራ በደንብ አውቀዋለሁ።

ሦስት ሳምንት እንዲህ ሄደ። ልጄ ለቻትቦቱ መልሳ መላልሳ ጻፈችለት፤ ቀለል አድርገው፣ ዘገም አድርገው። እሱም በትሕትና እሺ እያለ ሠራላት፤ አዲሱ ሁልጊዜ ከፊተኛው ይሻላል። «እማዬ፣ ከዚህ የተሻለ ምን ላምጣለት?» አለችኝ፤ ቅስሟ ተሰብሮ ነበር። ቀጠሯችን ሰኞ ነው፤ ሐኪሟ ሰሌዳውን እንደምታወጣ ነግራናለች።

ሐሙስ ቀን ልጄ ሥራ ሄደች፤ ዜማዎቹ ያሉት በእሷ ስልክ ነው። የኔ ስልክ ከመደወል በቀር ሌላ ሥራ አያውቅም። ልምምዱ ደግሞ በቀን ሦስት ጊዜ ነው። እስክትመጣ ብጠብቅ የቀኑ አለፈ፤ የቀረን ደግሞ አራት ቀን ነው። ወንበሬን ስቤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ፣ ግራ እጁን ያዝኩ፣ ሐኪሟ እንደምታደርገው ጠረጴዛውን መታሁ። የሠርጌ ቀን እንኳ እንደዚያ አላፈርኩም። እና ዘፈንኩ።

እንዴት እንደወጣ እኔ ልፈርድ አልችልም። የጎረቤታችን ሴትዮ መስኮቷን ዘጋች። በኋላ ነፋሱ ነው አለችኝ፤ አላመንኳትም።

ባሌ ዓይኑን ገለጠ። ሦስተኛ ረድፍ ላይ የሚያጠፋ ልጅ ሲያገኝ ያየው እንደነበረው አየኝ። እጁን ከእጄ አውጥቶ መዳፉን ወደ ታች አደረገው፤ ዝቅ በይ ነው። ዝቅ አልኩ። ዝቅ ማለት የነበረብኝ ሌላው ጋ ነው መሰለኝ፣ ራሱን ነቀነቀ። እንደገና ጀመርኩ። እንደገና መዳፉን አሳየኝ። በሦስተኛው ጠረጴዛውን በመዳፉ ሲመታው የመድኃኒቱ ብልቃጥ ተንከባሎ ወደቀ። ደሜ ፈላ። ሦስት ወር ሙሉ ሳጥበው፣ ሳለብሰው፣ ሳጎርሰው፣ አንድ ቀን ብዘፍንለት ይቆጣኛል?

«እንግዲያው ራስህ በለው!» አልኩት። «ሠላሳ አንድ ዓመት ዝም አሰኝተኸኛል። ካልቻልክ አርፈህ ስማኝ!»

ገና ከአፌ ሳይወጣ ጸጸተኝ። ምላሱ የታሰረበትን ሰው ራስህ በለው ይባላል? ፊቱን ማየት አቅቶኝ ተነስቼ ወደ በሩ ዞርኩ። ያኔ ከኋላዬ፣

«ው... ሃ... ስ... ጪኝ።»

በዜማው ነው ያለው። ድምፁ ዝጓል፣ ግን የራሱ ነው፤ እያንዳንዷ ድምፅ ቦታዋ ላይ ነበረች። ውሃ ጠየቀኝ ብዬ ሮጥኩ፣ ግማሹን መንገድ ላይ አፍስሼ ብርጭቆውን አቀረብኩለት። በእጁ ገፋው። አልጠማውም ነበር። እኔን እያረመ ነው። በጣቱ ወንበሬን አሳየኝ፤ ተቀመጥኩ። አፉ ሲታገል፣ አገጩ ሲንቀጠቀጥ፣ ቃሉን ሲፈልገው አያለሁ። አሁን ያለ ዜማ፣

«ድ... ድገሚ» አለኝ።

ደገምኩ። ተሳሳትኩ። ድገሚ አለኝ። ፀሐይዋ ከጠረጴዛው ላይ ወርዳ ወለሉ ላይ እስክትደርስ እኔ እያበላሸሁ እሱ እያቃና ቀጠልን። እያለቀስኩ ስለነበር ዜማው ጭራሽ ባሰበት።

ሰኞ ለሐኪሟ ስነግራት ስቃ ስቃ ዓይኗን ጠረገች። ሠላሳ ስድስት ዓመት የሠራው ሥራ ራሱ ጎትቶ አወጣው አለች። ሰሌዳውን መሳቢያ ውስጥ መለሰችው። ልንወጣ ስንል ክንዴን ያዝ አድርጋ «እናቴ፣ እርስዎ ግን አደራ እንዳይሻሻሉ» አለችኝ። በዚህ በኩል አታስቢ አልኳት።

ከዚያ ወዲህ ይኸው ስምንት ወር ሆነ። አሁን ለመጨቃጨቅ የሚበቃ ቃል አለው፤ አብዛኛው ትእዛዝ ነው። ልጄ በየሳምንቱ አዲስ ዜማ ታመጣለታለች፤ ከምሳ በኋላ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል። እኔም በቤቴ ማንም ማሽኑን እንዲያማ አልፈቅድም፤ ያን ቀን ያበላሸሁት ዜማ እኮ የእሱ ነው።

ባለፈው እሁድ እኔ ሳህን እያጠብኩ፣ እነሱ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠው፣ ልጄ ስልኳን እያሳየች ነገር ፈለገችው። «አባዬ፣ እውነቱን ንገረን። ማን ይበልጣል? እሱ ወይስ እማዬ?»

ስልኩን አየው። «እሱ... ጥሩ ነው» አለ። ወደኔ ዞረና ጣሪያውን አየ። «እሷ... መጥፎ።»

ልጄ በሳቅ ፈረሰች። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼው ሳህኔን እያጠብኩ ሆን ብዬ «ውሃ ስጪኝ»ን ማንጎራጎር ጀመርኩ። ወንበሩ ሲገፋ ሰማሁ። ከዘራውን ተደግፎ መጣና አጠገቤ ቆመ፤ እጁን ወደ ቧንቧው ሰደደ። የድሮው ነገር መጣ ብዬ ድምፄን አጠፋሁ።

ቧንቧውን ጥርቅም አድርጎ ዘጋው።

«ድገሚ» አለኝ።